መጋረጃው በወረደበት ምሽት

የሳሎናችን ትልቁ መጋረጃ ለአጠባ ወርዶ ነበር። እኔና እህቴ ስንት ጊዜ እንዳየነው የማናስታውሰውን አንድ ፊልም ከፍተን ተቀመጥን። አባትና ልጅ ከብዙ ዓመት መለያየት በኋላ በር ላይ ቆመው ቀስ ብለው የሚነጋገሩበት ቦታ አለው፤ ፊልሙን የምንወደው ለዚያች ትዕይንት ስንል ነው ብል አላጋነንኩም። አባትየው ሊሄድ ሲል ዞር ይልና አንድ ነገር ይናገራል። እህቴ ወደ እኔ ዞረችና «ምን አለ?» አለችኝ።

ጥያቄዋ አስደነገጠኝ። ያቺን መስመር ሁለታችንም በቃላችን እናውቃታለን። ወደ ኋላ መለስኩና ድምፁን ጨመርኩ። ድምፁ ጎላ፣ ንግግሩ ግን አልጠራም፤ ቃላቱ እርስ በርስ ተደራርበው መጡ። ቴሌቪዥኑ ያው ነው፤ ስፒከሮቹም እነዚያው ናቸው፤ ገመድ የነካ ሰው የለም። የተለወጠው ነገር መስኮቱና ግድግዳው ራቁታቸውን መቅረታቸው ብቻ ነበር። ተነሥቼ አንዴ ጠንከር አድርጌ አጨበጨብኩ። ክፍሉ ስስ ብረት የተመታ ይመስል እየነዘረ መለሰልኝ።

ከዚያ ምሽት በኋላ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ያን ሰሞን የቤታችንን ሲኒማ ስለማሻሻል ነበር የምናወራው፦ ሰፋ ያለ ስክሪን፣ የተሻሉ ስፒከሮች፣ ብንችል ደግሞ ፕሮጀክተር። ዝርዝራችን ውስጥ ያለው ሁሉ በካርቶን ታሽጎ የሚመጣ ዕቃ ነው። ክፍሉ ራሱ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። አንድ ጨርቅ ከግድግዳ ላይ በመውረዱ ብቻ የምንወደው ትዕይንት ከጠፋብን፣ ያ ጨርቅ እስከዚያ ቀን ድረስ ዝም ብሎ ሲሠራልን የኖረው ሥራ ምን ነበር? «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባል የለ? እኔም ሥሩን ፍለጋ ገባሁ።

ክፍሉም ይናገራል

በ1895 (እ.ኤ.አ.) ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፎግ የሚባል አዲስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። ውስጡ ያለው የትምህርት አዳራሽ ግን ለትምህርት አልሆነም፤ መምህሩ ሲናገር ተማሪዎቹ ቃሉን መለየት አቃታቸው። መላ እንዲፈልግ የታዘዘው ዋላስ ክሌመንት ሳቢን የተባለ ወጣት የፊዚክስ መምህር ነበር። እሱ ሲለካው፣ በተለመደ የንግግር ድምፅ የተነገረ አንድ ቃል ከአዳራሹ ሳይጠፋ 5.5 ሰከንድ ያህል ይቆይ ነበር። እስቲ አስቡት፤ የመጀመሪያው ቃል ገና እየተሰማ ተናጋሪው ሌሎች ዐሥር ቃላት ይደርብበታል።

ሳቢን ያደረገው ነገር ልቤን ነክቶታል። ሌሊት፣ አካባቢው ጸጥ ሲል፣ ከረዳቶቹ ጋር ሆኖ ሳንደርስ ከሚባለው ቴአትር ቤት የወንበር ትራሶች እያመላለሰ አዳራሹ ውስጥ ይደረድራል። አንድ የኦርጋን ቧንቧ ያስነፋና ድምፁ ከጆሮ እስኪጠፋ ድረስ ያለውን ጊዜ በሰዓት ይይዛል። ትራስ ይጨምራል፣ እንደገና ይለካል። ሳይነጋ ትራሶቹን ወደ ቦታቸው ይመልሳል። ከዚህ ሁሉ ድካም የወጣው ሕግ ዛሬም ይሠራበታል፦ ክፍል በሰፋ ቁጥር ድምፅ ውስጡ ይቆያል፤ ድምፅ የሚመጥ ነገር በበዛ ቁጥር ደግሞ ቶሎ ይጠፋል። በ1900 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ የተሠራው የሳቢን ምክር ታክሎበት ነው።

ትራስ ነው እንግዲህ። ያን ያህል ትልቅ ሳይንስ የተጀመረው ሰው በሚቀመጥበት ትራስ ነው። እኛ ቤት ከግድግዳ የወረደው መጋረጃም ሥራው ያው ነበር። ከስፒከሩ ከሚወጣው ድምፅ በቀጥታ ወደ ጆሯችን የሚመጣው ከፊሉ ብቻ ነው፤ የቀረው መስታወቱን፣ ግድግዳውን፣ ወለሉንና ኮርኒሱን እየመታ ዘግይቶ ይደርሳል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ ግድግዳ ዞሮ የመጣው ድምፅ 3.4 ሜትር ተጨማሪ መንገድ ከሄደ የሰከንድ አንድ መቶኛ ይዘገያል። ይህን የመሰለውን አጭር መዘግየት ጆሮ ከዋናው ድምፅ ጋር አዋህዶ ይሰማዋል፤ እንዲያውም ንግግሩን ያጎላለታል። ጉዳት የሚያደርሰው ደጋግሞ ተመላልሶ፣ ቀጣዩ ቃል መነገር ከጀመረ በኋላ የሚደርሰው ነው።

ንግግር ውስጥ ጉልበት ያለው አናባቢው ላይ ነው። ቃልን ከቃል የሚለየው ግን በአብዛኛው ተነባቢው ነው፤ እሱ ደግሞ አጭርና ደካማ ነው። «መጣ» እና «መታ» የሚሉትን ቃላት ጮክ ብላችሁ ተናገሯቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምላስ ስትላቀቅ የምትወጣ አንዲት ቅጽበታዊ ፍንጣቂ ናት። ባዶ ክፍል ውስጥ የቃሉ መጀመሪያ ገና እያስተጋባ ያቺን ፍንጣቂ ይሸፍናታል፤ ሰውየው ይምጣ ይምታ አይለይም። ድምፅ መጨመር ያልጠቀመውም ለዚህ ነው፤ ንግግሩ ሲጨምር የሚሸፍነው ማስተጋባትም እኩል አብሮ ይጨምራል። ይህ ሲገባኝ የዕቃ ዝርዝራችንን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

መጋረጃው ታጥቦ ሲመለስ እንደ ቀድሞው ወጥረን አልሰቀልነውም። ወፍራም ገበር ተጨመረበት፤ ስፋቱንም ከመስኮቱ እጥፍ አድርገን እንዲሸበሸብ ለቀቅነው፤ ከግድግዳውም ትንሽ ራቅ ብሎ እንዲንጠለጠል አደረግን። ጨርቅ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ሲሰቀል የሚመጠው በጣም ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው፤ ከኋላው አየር ሲኖረው ግን ወረድ ያለውንም ይይዛል። በስፒከሮቹና በሶፋው መካከል ባለው ባዶ ወለል ላይ ወፍራም ምንጣፍ ዘረጋን። ከጀርባችን ባለው ግድግዳ ላይ የመጻሕፍት መደርደሪያ ቆመ፤ ቁመታቸውና ውፍረታቸው የተለያየ መጻሕፍት ድምፁን ወደየአቅጣጫው ይበትኑታል።

የጎን ግድግዳው የቱ ጋ ጨርቅ እንደሚፈልግ ለማወቅ አንድ የቆየ ዘዴ አለ። አንዱ ሰው ሶፋው ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው መስታወት ይዞ ግድግዳውን እየታከከ ይሄዳል። የተቀመጠው ሰው ስፒከሩን በመስታወቱ ውስጥ ያየበት ነጥብ፣ ድምፁ መጀመሪያ ተንጸባርቆ የሚመጣበት ነጥብ ነው። እህቴ መስታወት ይዛ፣ እኔ ሶፋው ላይ ሆኜ «እዚህ ጋ፣ ትንሽ ወደ በሩ» እየተባባልን ምልክት አደረግንባቸው። ከዚያ በኋላ በዚያ ቦታ የተሰቀለው ወፍራም የግድግዳ ምንጣፍ ለዓይን ጌጥ ነው፤ ለእኛ ግን ሌላም ሥራ አለው።

ይህን ስል ክፍሉን በሙሉ በጨርቅ ሸፍኑት ማለቴ አይደለም። ምንጣፍና መጋረጃ የሚመጡት በአብዛኛው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ወፍራሙ ባስ እምብዛም አይነካቸውም። ጨርቁ ከመጠን በላይ ሲበዛ ንግግሩ ይታፈንና ባሱ ብቻ ሲያጉረመርም ይቀራል። ማጨብጨብ እስካሁን ካየኋቸው መለኪያዎች ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ጭብጨባው ሳይነዝር፣ ታፍኖም ሳይሞት ከቀረ ይበቃል።

ተናጋሪው የት ነው ያለው?

ክፍሉ ከተስተካከለ በኋላ መጀመሪያ የተገዛው ትልቅ ስክሪን አልነበረም፤ መሃል ላይ የሚቀመጥ አንድ ስፒከር ነው። 5.1 በሚባለው አደራረግ አምስት ስፒከሮችና አንድ ሰብዉፈር፣ ማለትም ወፍራሙን ባስ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር አሉ፤ አብዛኛው የፊልም ንግግር የሚቀመጠው ከአምስቱ በመሃለኛው ላይ ነው። ሲኒማ ቤት ውስጥ ይህ ስፒከር የሚቆመው ከስክሪኑ ጀርባ ነው። የሲኒማ ስክሪን ድምፅ እንዲያሳልፍ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳሳ ስለሆነ ቃሉ ከተዋናዩ አፍ የወጣ ይመስላል።

ይህ ምኞት ዕድሜ ጠገብ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን ከባለቤቱ ጋር ሲኒማ ገብቶ ሳለ፣ ተዋናዩ በስክሪኑ አንድ ወገን ሆኖ ድምፁ ከሌላ ቦታ መምጣቱ እንደረበሸው ይነገራል። ድምፅ ተናጋሪውን ተከትሎ እንዲሄድ የማድረግ ሐሳቡን በ1931 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ለፓተንት አስገባ፤ ዛሬ ስቴሪዮ የምንለው ነገር አንዱ ምንጩ ይኸው ሰነድ ነው። ይህን ታሪክ የምወደው ከአንድ ተመልካች ቅሬታ በመነሣቱ ነው። ፊልም እያዩ «ይህ ነገር ልክ አይደለም» ማለት ቅብጠት እንዳልሆነ ያስረዳልኛል።

ሁለት ስፒከር ብቻ ያለው ቤትም መሃል ላይ ድምፅ ያለ ያስመስላል። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ድምፅ እኩል ሲያወጡ ጆሮ ተናጋሪውን መሃል ላይ ያስቀምጠዋል። ይህ የሚሆነው ግን ልክ መሃል ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ ላለው፣ ከቅርቡ ስፒከር የሚመጣው ድምፅ ቀድሞ ስለሚደርሰው ተዋናዩ ወደዚያ ጎን ይጎተትበታል። ብቻውን ለሚያይ ሰው ሁለት ጥሩ ስፒከር ከአምስት ተራ ስፒከር ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ሰው ተደርድሮ በሚያይበት ቤት ግን መሃለኛው ስፒከር ግድ ነው። እኛ ቤት ጫፏ የእህቴ ቦታ ናት፤ የምወደውን ፊልም እሷም ልክ እኔ በምሰማው መንገድ እንድትሰማው እፈልጋለሁ።

ስፒከሩ መደርደሪያ ውስጥ ወደ ኋላ ተገፍቶ ከተወሸቀ ግን ጥቅሙ ይጠፋል፤ ድምፁ ገና ሳይወጣ ከመደርደሪያው እንጨት ጋር ይጋጫል። እኛ ፊቱን ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር አስተካክለን አወጣነው። ከጆሯችን ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ከፊቱ ሥር ሽብልቅ አስገብተን ቀና አደረግነው። ግራና ቀኞቹ ከተቀመጥንበት ሲታዩ ከመሃለኛው በ30 ዲግሪ ገደማ፣ የኋላዎቹ ደግሞ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቆማሉ፤ የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ ሐሳብም ይኸው ነው። ክፍላችን ለአንዱ የኋላ ስፒከር በር አጋጥሞታልና ትንሽ ወደ ፊት አመጣነው። ለዚህ እንቅልፍ ማጣት አያስፈልግም።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚያማርረው ሌላ ነገር አለ፦ ሹክሹክታው አይሰማም፣ ፍንዳታው ቤት ያናውጣል። ይህ የዕቃ ብልሽት አይደለም። የፊልም ድምፅ የሚቀናበረው ለትልቅ አዳራሽ ነው፤ እዚያ ማስተካከያው 85 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ላይ ይደረግና ከአንድ ዋና ስፒከር የሚወጣው ከፍተኛ ድምፅ እስከ 105 ዴሲቤል ይፈቀድለታል። ቤቱ ውስጥ እንዲህ አድርጎ የሚከፍት ሰው ጥቂት ነው። ሁሉንም ዝቅ አድርገን ስንከፍተው ደግሞ ሹክሹክታው ከማቀዝቀዣው ጩኸትና ከመንገዱ ድምፅ በታች ይወርዳል። ድምፁን ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍሉት ሪሲቨሮች ላይ ያለው የሌሊት ሞድ ጮክ ያለውን ዝቅ፣ ዝቅ ያለውን ከፍ አድርጎ ያቀራርባቸዋል። ለፊልሙ ክብር ብለው ይህን የማይነኩ ሰዎች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። እኔ ግን ሰው ተኝቶ ሳለ አንድን ፊልም እስከ መጨረሻው ማየት ከሚያስፈራ ፍንዳታ ይበልጥብኛል። ቀን ላይ ሞዱ ጠፍቶ፣ መሃለኛው ስፒከር ብቻ በ2 ዴሲቤል ከፍ ይላል።

ጨለማ ሲመለስ

ያው መጋረጃ ለካ ለዓይናችንም ይሠራ ኖሯል። በአንድ ነገር ልጀምር፦ ሲኒማ ቤት ውስጥ የምናየው ነጭ ብርሃኑ 48 ኒት ገደማ ነው፤ ኒት የስክሪን ብሩህነት መለኪያ ነው። ዛሬ የሚሸጡ ብዙ ቴሌቪዥኖች ከ500 ኒት በላይ ያወጣሉ፤ ላቅ ያሉት 1000 ያልፋሉ። ታዲያ ያ ደብዛዛ የሚመስል የሲኒማ ስክሪን ለምን ያን ያህል ያምራል? አዳራሹ ጨለማ ስለሆነ ነው። ዓይን የሚያነጻጽረው ነጩን ከጥቁሩ ጋር ነው፤ ጥቁሩ እውነት ጥቁር ሲሆን ትንሿ ሻማ እንኳ ታበራለች። ከመስኮት የሚገባ ብርሃን ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የሚሞተው ጥቁሩ ነው። እያንዳንዱን ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራበትን ነጥብ፣ ለብቻው የሚያጠፋው ኦሌድ የሚባለው የስክሪን ዓይነት እንኳ መስታወቱ ላይ ያረፈውን የመስኮት ብርሃን ማጥፋት አይችልም።

የሌሊት ትዕይንት የሚበዛባቸው ፊልሞች አሉን። «ምንም አይታይም» ብለን በግማሽ ያቋረጥነውን አንዱን፣ ገበር የተጨመረበትን መጋረጃ ዘግተን እንደገና ከፈትነው። የጫካው ቅጠል ከሰማዩ ተለየ፤ ከዛፎቹ ጀርባ ሰው ቆሞ ነበር። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ያንን ሰው እዚያ ያቆሙት እንድናየው ነው፤ ያን ጊዜ ፊልሙን አጥፍተን ስንነሣ እሱ እዚያው ነበር። በድቅድቅ ጨለማ ማየት ዓይን ለሚያደክማቸው ከስክሪኑ ጀርባ ግድግዳው ላይ ደብዘዝ ያለ ነጭ መብራት ማድረግ ይረዳል፤ ከስክሪኑ ብሩህነት አንድ ዐሥረኛ ገደማ ይበቃል። ቀለሙ ግን በብርሃን ቀለም መለኪያው ወደ 6500 ኬልቪን የተጠጋ መሆን አለበት፤ ሰማያዊ ወይም ቀይ መብራት የፊልሙን ቀለም ያዛባል።

ከዚህ በኋላ ሪሞቱን አንሥቶ ሴቲንግ ውስጥ መግባት ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ትክክለኛ ቦታው ነው፤ አዲስ ቴሌቪዥን ከመግዛት በፊት ያለውን ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ያለው ደማቅ ሞድ የሱቅ መብራት አሸንፎ ዓይን እንዲስብ የተሠራ ነው፤ ነጩን ወደ ሰማያዊ ይገፋዋል፣ የሰውን ቆዳ ያቀላዋል። ሲኒማ ወይም ፊልምሜከር የሚለውን ሞድ ስትመርጡ መጀመሪያ ምስሉ ቢጫ ይመስላችኋል። ተዉት፤ ዓይናችሁ ይለምደዋል። ከጥቂት ምሽት በኋላ ወደ ቀድሞው ስትመልሱት የሰው ፊት እንዴት ያን ይመስል እንደነበር ትገረማላችሁ።

ሌላው እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰው ሴቲንግ ነው፤ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ስም ሰጥቶታል። ፊልም ከድምፅ መምጣት ጀምሮ የሚቀረጸው በአብዛኛው በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ነው። ቴሌቪዥኑ በመካከላቸው ያልተቀረጹ ፍሬሞችን ራሱ ፈጥሮ ያስገባል፤ ለእግር ኳስ ይረዳ ይሆናል፣ ፊልምን ግን ስቱዲዮ ውስጥ በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸ ድራማ ያስመስለዋል። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ተዋናዩ ቶም ክሩዝና ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ማኳሪ ተመልካቹ ይህን ሴቲንግ እንዲያጠፋ በቪዲዮ ለምነው ነበር። በቀጣዩ ዓመት የቴሌቪዥን አምራቾችና የፊልም ስቱዲዮዎች ኅብረት የሆነው ዩኤችዲ አሊያንስ ፊልምሜከር ሞድን አስተዋወቀ፤ ያንን ሁሉ ማለስለሻ በአንድ ጊዜ ያጠፋዋል። እኔ አጥፉት ከሚሉት ወገን ነኝ። ተዋናይ ዓይኑን የሚሰብርበት ፍጥነት የተመረጠ ነገር ነው፤ አንድ ማሽን በመካከል የራሱን ግምት እንዲጨምርበት አልፈልግም።

ስክሪኑን የማይሞሉትን ፊልሞችም እንዳሉ እንተዋቸው። 2.39 ለ1 በሚባለው ሰፊ ቅርፅ የተሠራ ፊልም በተለመደ ቴሌቪዥን ላይ ሲታይ ሩብ የሚሆነው ቦታ ከላይና ከታች ጥቁር ይሆናል። አጉልቶ መሙላት የሚቻለው ግራና ቀኙን ቆርጦ በመጣል ነው፤ ጫፍ ላይ ቆሞ የሚያደምጠው ሰው ያን ጊዜ ከፊልሙ ይወጣል።

ሶፋውን ማስጠጋት

ስለ 4ኬ፣ ማለትም ፒክስሉ ስለበዛው የስክሪን ጥራት ብዙ ይወራል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ 8.3 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል አለው፣ ሙሉ ኤችዲ ካለው አራት እጥፍ። ጥያቄው ከተቀመጥንበት ቦታ ይታየናል ወይ የሚለው ነው። ጤናማ ዓይን የሚለየው ትንሹ ዝርዝር የዲግሪ አንድ ስድሳኛ ያህል ነው። በዚህ ስሌት 55 ኢንች በሆነ ስክሪን ላይ የሙሉ ኤችዲ ፒክስሎች ከ2.2 ሜትር ገደማ በኋላ ለዓይን ይጠፋሉ። 3 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው የ4ኬ ተጨማሪ ፒክስል እምብዛም ትርጉም የለውም ማለት ነው። ከዚያ ርቀት ለውጥ የሚያሳየው ኤችዲአር የሚባለው፣ ብርሃንና ቀለምን የሚያሰፋው የምስል ዓይነት ነው፤ የብርሃንና የጥላ ልዩነቱን፣ የቀለሙንም ስፋት ከሩቅም ዓይን ያየዋል።

ስለዚህ ትልቅ ስክሪን ከመመኘት በፊት ሶፋውን አስጠጋነው። ያው 55 ኢንች ከ3 ሜትር ሲታይ የዓይናችንን 23 ዲግሪ ገደማ ይይዛል፤ ከ2.3 ሜትር ሲታይ ወደ 30 ይደርሳል፤ ለፊልም ማያ ቢያንስ ይህን ያህል እንዲሆን ባለሙያዎች ይመክራሉ። ሶፋው ከኋላ ግድግዳ በመላቀቁ ያልጠበቅነው ጥቅምም መጣ፤ ባስ ግድግዳ ሥር ስለሚከማች እዚያ ተደግፎ የተቀመጠ ሰው ከሚገባው በላይ ይሰማዋል።

ስለ ምንጩም አንድ ቃል። በኢንተርኔት የሚመጣ 4ኬ ፊልም ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ15 እስከ 25 ሜጋቢት ገደማ ይጠቀማል፤ የ4ኬ ብሉሬይ ዲስክ ግን እስከ 128 ሊደርስ ይችላል። ጭጋግ፣ ጭስ፣ ዝናብና የጨለማ ጥላ ውስጥ ልዩነቱ ይታያል፤ ድምፁም ዲስኩ ላይ ሳይጎድል ይገኛል። ለተራ ምሽት ኢንተርኔቱ ይበቃናል። ደጋግመን ለምንመለስባቸው ጥቂት ፊልሞች ግን ዲስካቸውን መያዝ ጀምረናል፤ ማንም ከዝርዝር ውስጥ አውጥቶ አይወስድብንም።

አሁን የቀረን ባሱ ነው፤ እዚህ ላይ ከእህቴ ጋር አልተስማማንም። የክፍላችን ርዝመት 5 ሜትር ነው፤ 34 ኸርዝ አካባቢ ያለው፣ ማለትም በሰከንድ 34 ጊዜ ያህል የሚነዝረው ወፍራም ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ተመላልሶ አንድ ቦታ ላይ ይከማቻል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይጠፋል። ሰብዉፈሩን ሶፋው ላይ አስቀምጠን፣ እየዳህን ወለሉን በጆሯችን ፈትሸን፣ ባሱ ጥርት ብሎ በተሰማበት ጥግ አዛውረነዋል። ለእኔ ቦታ ጥሩ ሆነ፤ የእሷ ጫፍ ግን አሁንም ጎደሎ ነው። እኔ ሁለተኛ ሰብዉፈር እንጨምር ባይ ነኝ፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ባሉ ግድግዳዎች መሃል ሲቆሙ የአንዱን ጉድለት አንዱ ስለሚሞላ ባሱ ለሁሉም ወንበር ይቀራረባል። እሷ ደግሞ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለቤት የመጣውን፣ ድምፅ ከላይም እንዲመጣ የሚያደርገውን ዶልቢ አትሞስ ትፈልጋለች፤ ዝናቡ ከኮርኒስ ሲወርድ መስማት ያምራታል። የሁለታችንንም ለማድረግ አቅሙ አሁን የለንም። ስለዚህ ከጓደኛችን ሰብዉፈር ተውሰን ከኋላ ግድግዳ መሃል ልናቆመውና ቦታ እየተለዋወጥን ልንሰማው ነው። የእሷ ጫፍ ከተስተካከለ ኮርኒሱ ይቆይ ብላ ተስማምታለች፤ ካልተስተካከለ መሰላሉን የምይዘው እኔ ነኝ።